ለእማዬ፣ ከዳቦው ጋር

ጅማ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ብቻ አላባራ አለ። አዌቱ ወንዝ ደፍርሶ ሞልቷል፤ ያሰጣሁት ልብስ ሦስት ቀኑ ነው፣ አልደረቀም።

ይህን ወረቀት ከዳቦው ጋር የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ያ ፉርኖ ቤት የሚሠራው። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት መኪና ይይዛል። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ስለ ልጆቹ ብቻ አውርቼ እዘጋዋለሁ፤ ከዚያ ያልተናገርኩትን ሳብሰለስል አድራለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሚጣ ከክፍሏ 3ኛ ወጥታለች፤ «ለእማማ ንገሪልኝ» ብላኛለች። ማሙሽ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍር አምሽቶ ድምፁ ተዘጋ። አንቺን ልንጠይቅ ስንመጣ አሰንዳቦ ከተማ ላይ «ዳቦው የታለ?» ብሎ መኪናውን ሙሉ ያሳቀውን ነግሬሽ የለ፣ አሁንም በመንገዱ ያለፈ ሰው ሲያገኝ ይጠይቃል። የሰበሰበውን ሙልሙል ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ ቆርሶ ቀመሰና «የእማማ ዓይነት የለም» አለኝ። ያንን ነጩን ነው የፈለገው፣ ሲቆርሱት እንደ ጥጥ እየተሳበ የሚላቀቀውን።

ጾሙ ተፈታና ትናንት ጋገርኩለት። እማዬ፣ እኔ ነኝ የጋገርኩት። በገዛ እጄ አቡክቼ።

እንዴት እንዳደረግኩት ልንገርሽ። አንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ነፋሁ። ከላዩ 50 ግራም ቀንሼ በ250 ሚሊ ሊትር ወተት እንደ አጥሚት እያማሰልኩ እስኪወፍር አበሰልኩት። ይህን አንቺ አታደርጊም ነበር፤ የፉርኖ ቤቱ ልጅ ነው ያሳየኝ። ዱቄት ሲበስል ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ የጠጣውንም ቶሎ ስለማይለቅ ዳቦው በማግስቱ አይደርቅም። እውነቱን ነው፤ ዛሬ ጠዋት በጣቴ ጫን አድርጌው ተመልሶ ተነሳ። አጥሚቱ ሲበርድ በቀረው ዱቄት ላይ ገለበጥኩት። 400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ጥቂት ዘይት ጨመርኩበት። እርሾውን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ቀነስ አድርጊ አለኝ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ ሊጡን ብዙ አይጫነውም፤ ከቆላ ይልቅ ቶሎ ኩፍ ይላል።

ከዚያ ማቡካት። መጀመሪያ ጣቶቼን ሁሉ ያዘኝ፤ ዱቄት ጨምሪበት ጨምሪበት አሰኘኝ። አንቺ ለአክስቴ ልጅ «ዱቄት አትጨምሪ፣ ታገሺው» ስትያት በበሩ ቀዳዳ እሰማ ነበርና አልጨመርኩም። አጠፍኩት፣ በእጄ መዳፍ ገፋሁት፣ አዞርኩት። ሩብ ሰዓት ግድም ሲሆነኝ በራሱ ሳፋውን ለቀቀ። ትንሽ ቆንጥሬ በጣቶቼ ዘረጋሁና ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ሳይቀደድ እንደ ነጠላ ሳሳ፤ ከጀርባው የጣቴ ጥላ ይታይ ነበር። ለእኔ ይህንን ያሳየኝ ሰው አልነበረም እማዬ።

ሳፋውን በአሮጌው ነጠላሽ ሸፍኜ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ከጓሮ ኮባ ቆርጬ እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ አለዘብኩት። ያንቺ ኮባዎች ደህና ናቸው፤ ዝናቡ ተስማምቷቸዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቼ ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው ሊጡ እጥፍ ሆኗል። ሳፋው ጎን ተቀምጬ አለቀስኩ። ማሙሽ ደንግጦ «አበላሸሽው እንዴ?» አለኝ።

ይህን የምታነብልሽ የወንድም ጋሼ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ። የኔ ቆንጆ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እንዳትዘይ። ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

የአባዬ አርባ ዋዜማ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሦስት ሳፋ ሊጥ ነበር፣ አንዱን እኔ አቦካሁ። ጠዋት ነጠላው ሲገለጥ የእኔ ሳፋ ማታ እንደተውነው ተኝቶ ቀርቷል። የእድር ሴቶች ሁሉ ጓዳው ውስጥ ቆመዋል። አንቺ ሊጡን አይተሽ፣ እኔን አይተሽ፣ «የዚህች ልጅ እጅ ሊጥ ይገድላል» አልሽ። ሌላ አላልሽም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊጥ አጠገብ ስደርስ የሚያባርረኝ ሰው አላጣሁም። በራሴ ሠርግ ዋዜማ እንኳ «አንቺ ወዲያ ሁኚ» ተባልኩ፤ አንቺም እዚያው ነበርሽ፣ ቀና ብለሽ አይተሽኝ ማቡካትሽን ቀጠልሽ። የሰፈሩን ድግስ ሁሉ የምትጋግር ሴት ልጅ ሆኜ 29 ዓመት ዳቦ ከሱቅ ገዛሁ። አማቴ ቤት ለዓመት በዓል ድፎ ሲደፋ ሽንኩርት ነበር የምልጥ።

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው እማዬ። የፉርኖ ቤቱ ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ ይህንን ነው። ለብ ያለ ውሃ ይወዳል፤ 60 ዲግሪ ከደረሰ ግን ያልቃል። ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው። ይህን ሲለኝ እጄ ዱቄት ውስጥ እንዳለ ቀረሁ። ያቺ ሌሊት መጣችብኝ።

አንቺ ውሃ ሁልጊዜ ክንድሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ነበር የምትለኪው፣ ለሕፃን ወተት እንደሚለካ። ያን ሌሊት አልለካሽም። ማንቆርቆሪያውን ከእሳት አውርደሽ እንደ ፈላ እኔ ሳፋ ውስጥ ገለበጥሽው፣ «አማስይው» ብለሽኝ ሄድሽ። በእንጨት ማማሰያ ነው ያማሰልኩት፤ ለእጅ አይቻልም ነበር። አይቻለሁ። ያኔ ግን እርሾ በሙቀት እንደሚሞት የማውቀው ነገር አልነበረም። አንቺ ታውቂ ነበር። ጠዋት ሊጡን ስታዪ ገብቶሽ ይሆን? ይህን ነው 29 ዓመት የምጠይቀው፣ አሁን ባወቅሁት ሳይሆን ያኔ በፊትሽ ላይ ባየሁት።

አርባ ቀን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልነበረሽ አውቃለሁ። ማታ ማታ ግድግዳውን ስታወሪው እሰማሽ ነበር። ዳቦ እየጋገርሽ ሦስታችንን አስተምረሻል፣ ክንድሽ ላይ ያለው የቃጠሎ ጠባሳ ሁሉ የእኛ ደብተር ነው። ይህንን ረስቼ አይደለም። ግን እጄ አልነበረም እማዬ። ውሃው ነው። እንድታውቂልኝ ፈለግሁ።

ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ነው የምታስቀምጡት? በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ፣ በረዶ ከያዘው አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን አትክፈቱት።

ወንድም ጋሼ ሐሙስ ማታ ደውሎልኝ ነበር። ሁሉንም ነግሮኛል። ከሰል ምድጃው አጠገብ እግርሽን ስታሞቂ ጣትሽ ሲቃጠል አልተሰማሽም አሉ፤ ሽታው ነው ልጆቹን ከሌላ ክፍል ያመጣቸው። እኔ ጋ ሳለሽም ከሰሉን አርቂ ስልሽ «ይበርደኛል» ነበር መልስሽ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ካላመመሽ ደህና ነው ማለት አይደለም። ደም እንደልብ ስለማይደርሰው ቁስሉም አይሽርም። ሐኪሞቹ ትንሿ ጣት ትቆረጥ ብለዋል፤ አንቺ «ሙሉ አካሌን ይዤ ልቀበር» ብለሻል።

ይህን ስሰማ ተናደድኩብሽ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ቁስሉ አጥንት ከገባ አንድ ጣት አይበቃውም፤ ወደ እግር፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ይሄዳል። ያኔ እሺ ብትዪም የሚተርፍሽ ነገር አይኖርም። አባዬን «ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ሲል አምነነው ነው ያጣነው። አንቺን እንደዚያ አላጣሽም።

ነጭ ዳቦ ለስኳር እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሆድ ሲገባ ቶሎ ስኳር ይሆናል። የላኩት ለወንድም ጋሼ ልጆች ነው። አንቺ ስኳርሽን ተለክተሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ብቻ ከምስር ወጥ ጋር የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ይቁረጡልሽ። መሃሉን ስጧት በያቸው፣ ጠርዙን አይደለም። ከመብላትሽ በፊት በጣትሽ ጫን አድርገሽ እዪው፤ ተመልሶ ይነሳል።

እኔ ረቡዕ ማታ እደርሳለሁ፣ ፈቃድ ወስጃለሁ። ልጆቹን አባታቸው ይይዝልኛል። ሲያስገቡሽም ሲያስወጡሽም አጠገብሽ እሆናለሁ፣ ልብስሽንም እኔ ነኝ የምለውጥልሽ። ወረቀቱን ግን እኔን ሳትጠብቂ ነገውኑ ፈርሚላቸው። ጣትሽን ይውሰዱት እማዬ፣ እሺ በያቸው።

ከሰሉን ዛሬውኑ ከአልጋሽ አጠገብ ያውጡት።

ልጅሽ