ሽቦው ወይስ ቀለበቱ?

ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ? ዝምታዬን በቂም አትያዝብኝ፤ ስንፍና ነው። ሳልመልስልህ የከረመችውን ጥያቄ ግን አልረሳኋትም፤ ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ የትኛው አንቴና ይሻላል፣ የተዘረጋ ሽቦ ወይስ ክብ ቀለበት?

ምንም ሳትገዛ ማታ ሬዲዮውን በባትሪ ክፈትና 9 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ጣቢያ የሌለበት ላይ አቁመው። ከዚያ የቆጣሪውን ብሬከር አውርድ። ጩኸቱ ከቀነሰ ጠላትህ እቤትህ ነው፤ ሁሉንም ነቅለህ ብሬከሩን መልስና ቻርጀሩን፣ ኤልኢዲ አምፖሉን፣ የቴሌቪዥኑን አዳፕተር አንድ በአንድ እየሰካህ ፈልገው። ካልቀነሰ ከውጭ ነው፤ ምናልባት ከጎረቤት፤ መቼም ሄደህ «አምፖልህን አጥፋ» አትለውም።

ጀጎል ውስጥ ቤት ከቤት ተደጋግፎ ለሚኖር ሰው እኔ የምመርጠው ቀለበት ነው። ሽቦ ጣቢያውንም ጩኸቱንም አግበስብሶ ያመጣል። ቀለበት ጣቢያውን ቢያሳንሰውም ጩኸቱን ይበልጥ ያሳንሰዋል። አቁመህ ፊቱን ወደ ጩኸቱ ምንጭ ስታዞረው ከዚያ በኩል ይደነቁራል፤ ጣቢያው ከሰማይ ተንጸባርቆ ስለሚወርድ ያን ያህል አይጎዳም።

ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን 10 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቱቦ 3.2 ሜትር ገዝተህ 1 ሜትር ስፋት ያለው ክብ አድርገው፤ ጫፎቹ እንዳይነካኩ። በጫፎቹ መሃል ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ፣ ቅጠል ቅጠል ብረት ያለው 365 ፒኮፋራድ ተለዋዋጭ ካፓሲተር (ጣቢያ ለመያዝ የሚዞረውን ዕቃ) በይድ። ከ5 እስከ 18 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ያደርስሃል። ከካፓሲተሩ በተቃራኒ ባለው የክቡ ዳር፣ ከውስጥ በኩል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ የሽቦ ቀለበት አስጠግተህ ወደ ሬዲዮው የሚሄደውን ኮአክሲያል ገመድ (እንደ ዲሽ ገመድ ያለውን) ከእሱ ጋር አገናኝ። ጣቢያ በቀየርክ ቁጥር ካፓሲተሩን ካላዞርክ ግን ምንም አትሰማም፤ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚጥለው በዚህ ነው። ከቆርቆሮና ከብረት መስኮት ቢያንስ 1 ሜትር አርቀው።

እዚህ ከዚራ ግቢና ዛፍ ያለው ሰው ሽቦ ይዘርጋ፤ ከቤት ራቅ ብሎ 15 ሜትር፣ ጫፉ ላይ ሽቦውን ከገመዱ ጋር የሚያስማማ ዘጠኝ ለአንድ ትራንስፎርመር፣ ከእሱ ሥር መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት፣ ከዚያ ወደ ሬዲዮው ኮአክሲያል። ቆርቆሮ ላይ የተኛ ሽቦ ዋጋ የለውም። ለትንሽ የእጅ ሬዲዮ 5 ሜትር ይበቃል፤ ሲረዝም ሬዲዮው ይጨናነቅና ጣቢያዎች በማይገኙበት ቦታ ይደራረባሉ። ደመና ሲያጉረመርም ነቅለህ ጫፉን ውጭ ጣለው።

ካፓሲተሩን ሐረር ካጣኸው ጻፍልኝ፤ እዚህ አሮጌ ሬዲዮ አይጠፋም።

ወንድምህ