የክበባት ዘገባ፦ የቦልደሪንግ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ቦልደሪንግ አጭር ዐለትን ያለ ገመድ መውጣት ነው። ከፍታው ብዙ ጊዜ ከአራትና ከአምስት ሜትር አያልፍም። እርምጃዎቹ ጥቂት ቢሆኑም ከባድ ናቸው፤ የወደቀ የሚያርፈው ፍራሽ ላይ ነው። አንዱ የመውጫ መስመር በሙያው «ፕሮብሌም» ይባላል። ተማሪዎቹ ግን «እንቆቅልሽ» ብለውታል፤ ከዋናው ስም ይሻላል።

ዘንድሮ ያጠናነው ሰው ፍሬድ ኒኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተወለደ ስዊዘርላንዳዊ ሲሆን፣ ሕይወቱን ለአጫጭር ዐለቶች ከሰጡት የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በስዊዘርላንድ ብራንሶን በተባለ ቦታ «ላ ዳንስ ዴ ባልሮግ»ን ወጣ፤ በፎንቴንብሎ መለኪያ (የቦልደሪንግ መስመር ክብደት በቁጥርና በፊደል የሚሰጥበት ነው፤ ከፍ ሲል ይከብዳል) የዓለም የመጀመሪያው 8ቢ ነው። በ1996 እዚያው ብራንሶን «ራጃ»ን ሲወጣ 8ቢ+ ተከፈተ። በ2000 ደግሞ በቲቺኖ ግዛት፣ ክሬሲያኖ ውስጥ ያለውን «ድሪምታይም» ወጥቶ 8ሲ የሚል ደረጃ ሰጠው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ደረጃ በአንድ ሰው እጅ! ከእሱ በፊት ዐለት የሚወጡ ብዙ ሰዎች ትንሹን ዐለት ለትልቁ ገደል ማሟሟቂያ አድርገው ያዩት ነበር።

ደረጃ ግን እንደ ሜትር የተቆረጠ ልክ አይደለም። ድሪምታይም ላይ አንድ መያዣ ተሰብሮ መስመሩ ከተለወጠ ወዲህ ብዙዎች 8ቢ+ ይሉታል። ለሂሳብ ወዳዶቹ አባሎቻችን ከዚህ ይልቅ የጣማቸው የአሜሪካዊው የሂሳብ ፕሮፌሰር የጆን ጊል መለኪያ ነው። ጊል ሦስት ደረጃ ብቻ ነበረው፤ የመጨረሻው፣ ቢ3፣ አንድ ሰው ብቻ የወጣው ነው። ሁለተኛ ሰው ከደገመው ደረጃው በራሱ ይወርዳል። በየጊዜው ራሱን የሚያርም መለኪያ ነው፤ ቁጥር እያሳደዱ ለሚጣሉ ተማሪዎች ጥሩ መድኃኒት ሆኗል።

የእጅ ላብ የሚያደርቀውን ነጭ ዱቄት፣ ማግኒዥየም ካርቦኔትን፣ ከጂምናስቲክ ወደ ዐለት ያመጣውም ጊል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። መስከረም ላይ በምትኩ ከክፍል የተሰበሰበ ጠመኔ ተፈጭቶ መጣ። አይሆንም፤ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ የካልሲየም ውሕድ ነው፣ ላብን እንደ ማግኒዥየሙ አይመጥም፣ መያዣውንም ያንሸራትታል። ማግኒዥየሙም ቢሆን ሲበዛ ጉዳት አለው፤ መያዣው ላይ ይጋገርና ያንሸራትታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ በጥርስ ብሩሽ መጥረግ ግዴታ ሆኗል።

የምንወጣበት የእንጨት ሰሌዳ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፣ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ወደ ፊት ዘንበል ያለ። ቱምቢ ከጫፉ ሲወርድ መሬቱን የሚነካው ከሥሩ 1.5 ሜትር ርቆ ነው፤ ከፍታው 2.6 ሜትር ያህል ይሆናል። ፍራሹ እዚያ 1.5 ሜትር ላይ ማብቃት የለበትም፤ እጅ ሲለቅ ሰውነት ወደ ኋላ ስለሚወረወር ሌላ አንድ ሜትር ተጨምሯል። ኮምፔንሳቶው 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቀዳዳዎቹ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ። በጣም ያስቸገረን ከጀርባ የሚገባው ዳዶ ነበር። ብሎን ሳይስተካከል በቁልፍ ከታሰረ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ አይፈታም አይጠብቅም። መጀመሪያ በጣት ሦስት ዙር፣ ከዚያ ቁልፍ። ሲያዝ የሚዞር መያዣ ከተገኘ እስኪጠብቅ ድረስ ሰሌዳው ይዘጋል።

ስለ ፍራሹ፦ ለስላሳ ስፖንጅ ብቻውን አይበቃም፤ እግር ሰርጎ መሬት ይመታል። ከታች 8 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ፣ ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ተደርቧል፤ ደረቁ ክብደቱን ያሰራጫል፣ ለስላሳው ይውጠዋል። ቁርጭምጭሚት የሚወለመው ግን በአብዛኛው በሁለት ፍራሽ መካከል ባለው ክፍተት ነውና መጋጠሚያው በሸራ ተሸፍኗል። አወዳደቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለማምደናል፦ ጉልበት ታጥፎ፣ ክንድ ደረት ላይ ተጣምሮ፣ በጀርባ መንከባለል። እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መመከት የእጅ አንጓንና ክርንን ያሰብራል። ከታች የሚጠብቀው ሰው የወደቀውን አያቅፍም፤ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጋር ገጥሞ ወገቡን ወደ ፍራሹ ይመራዋል።

ከኒኮል የወሰድነው ዋናው ነገር ግን አንድ መስመር ላይ መቆየት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ እንቆቅልሽ ብቻ ያዘ። በሙከራዎች መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ የእያንዳንዱ እርምጃ የእግር ቦታ በደብተር። ዕረፍቱን የዘለሉት ከአምስተኛው ሙከራ በኋላ እየባሱ መሄዳቸውን ከራሳቸው ደብተር አነበቡ። ፑል አፕ ቆጥረው የመጡትም ቢሆን የጎደላቸው ክንድ ሳይሆን እግር ነበር፤ ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ የእግር ጣቶች ካልገፉ ወገብ ይወርዳል፣ እግርም ይለቃል።

ወላጆች ይህን ይያዙልን፦ በዕድገት ላይ ባለ ልጅ ጣት ውስጥ የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ነው። ጣትን አጣጥፎ አውራ ጣትን ከላይ በመደረብ የሚያዝ አያያዝ ደጋግሞ ሲጫነው ሊሰነጠቅ ይችላል። በጣቱ መካከለኛ መገጣጠሚያ ጀርባ ሕመም ካለ መውጣት ይቆማል፣ ራጅ ይነሣል። ክበቡ ክፍት እጅን፣ ማለትም ጣትን ሳያጣጥፉ መያዝን፣ ብቻ ያስተምራል፤ በጣት ተንጠልጥሎ መዝለልን ከልክለናል።

ኒኮል ወደ አህጉራችንም መጥቷል። በደቡብ አፍሪካ ሴደርበርግ ተራሮች ያለውን ሮክላንድስ ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ሰዎች የሚጎርፉት እዚያ የብርድ ወቅት በሆነበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ በብርድ ጣት አያልብም፣ አሸዋ ድንጋዩም ይይዛል። እኛም ከባዱን ሙከራ ወደ ጠዋት አዛውረናል። እዚያ ከወጣቸው መስመሮች አንዱ «ሞንኪ ዌዲንግ» ይባላል፣ የዝንጀሮ ሠርግ። ደቡብ አፍሪካውያን ፀሐይ እያለ ሲዘንብ የሚሉት ነው፤ እኛ ጅብ ወለደች የምንለው። የሰሌዳችን እንቆቅልሽ ቁጥር 9 ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ሴት ልጆች የመረጡት ሌላ ታሪክ ነው። ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1993 በስዊዘርላንድ ሳን ሉ ላይ በገመድ የወጣውን «ባን ደ ሳን» የተባለ 9ኤ መስመር (የገመድ መውጫ መለኪያ ከፎንቴንብሎው የተለየ ነው) ስፔናዊቷ ሆሱኔ ቤሬሲያርቱ በ2002 ደገመችው፤ 9ኤ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፎቶ የእሷ ነው፣ የኒኮል አይደለም።

ቁጥር 14 እስከ ሰኔ አልተፈታም። ሰሌዳው ለክረምቱ በሸራ ተሸፍኗል፣ ብሎኖቹ ዘይት ተቀብተዋል። የቁጥር 14 መያዣዎች በቀይ ምልክት ታሥረዋልና እስከ መስከረም ማንም እንዳይነካቸው።