ሲሸነፍ የታየ አሰልጣኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለብዙ ዓመታት የኖርኩ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጄ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት አባት ነኝ። እኛ ሐበሻ ወላጆች ስለ ኮሌጅ አሰልጣኞች ስንጨዋወት «ቆጣ ያለው ይሻላል፤ ልጆቹን ቀጥ ያደርጋቸዋል» ሲባል ደጋግሜ ስለምሰማ፣ በዚህ የማልስማማበትን ምክንያት ለአንባቢዎቻችሁ ላካፍል ወደድኩ።

ምስክሩ ከዚሁ ከተማ ነው። ዉዲ ሄይስ ከ1951 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዚህን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኦሃዮ ስቴትን ለ28 የውድድር ዘመናት አሰልጥነው 205 ጨዋታዎችን ያሸነፉ፣ ተጫዋቾቻቸው ዲግሪ እንዲይዙ አጥብቀው ይከታተሉ የነበሩ፣ ስማቸው እስከ ዛሬ በአክብሮት የሚነሣ ሰው ናቸው። ቁጣቸው ግን ልጓም አልነበረውም። በ1971 ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ በዳኞች ተናድደው የሜዳ ዳር ምልክቶችን ሰባበሩ፤ በ1977 ደግሞ አንድ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ መቱ። ያም ሆኖ ከቦታቸው የነቀነቃቸው አልነበረም። ዲሴምበር 29 ቀን 1978 ጌተር ቦውል በተባለው የውድድር ዘመን መዝጊያ ጨዋታ 17 ለ 15 እየተመሩ ሳለ፣ የተጋጣሚያቸው የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ቻርሊ ባውማን ኳሷን ቀምቶ እሳቸው በቆሙበት መስመር በኩል ሲወጣ፣ የ65 ዓመቱ አሰልጣኝ በቡጢ መቱት፤ ሊይዛቸው የሞከረው የራሳቸው ተጫዋችም አልተረፈም። በማግስቱ ተሰናበቱ።

እኔን ከስንብቱ ይልቅ የሚያሳስቡኝ እዚያው መስመር ላይ ቆመው ይህን ያዩት ወጣቶች ናቸው። በአሜሪካን ፉትቦል ከፊሽካ በኋላ ተጋጣሚውን የገፋ ወይም ዳኛ የሰደበ ተጫዋች ቡድኑን 15 ያርድ ያስቀጣል። «እጅህን ሰብስብ» የሚለውን ትምህርት ሳምንቱን ሙሉ ሲሰማ የሰነበተ የ19 ዓመት ልጅ፣ ቅዳሜ በጨዋታው ዕለት አስተማሪው ራሱ ሲያፈርሰው ካየ የትኛውን ሊይዝ ነው? ደግሞም በየስሕተቱ የሚጮኽበት ልጅ ጨዋታውን ትቶ የአሰልጣኙን ፊት ማንበብ ይጀምራል፤ ይቸኩላል፣ ጉዳቱን ይደብቃል። አሰልጣኙ ዞር ሲል የሚፈርስ ጸጥታን ሥርዓት ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል።

ዝምተኛነትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የነብራስካ ዩኒቨርሲቲው ቶም ኦስቦርን በእርጋታቸው የሚታወቁ፣ በ25 የውድድር ዘመናት 255 ድልና ሦስት ብሔራዊ ሻምፒዮናነት ያገኙ አሰልጣኝ ናቸው፤ ነገር ግን በ1995 የቀድሞ የሴት ጓደኛውን የደበደበ ኮከብ ተጫዋቻቸውን ለስድስት ጨዋታዎች አግደው መመለሳቸው ክፉኛ አስወቅሷቸዋል። ቡድኑ ልጁን ያርመዋል ብለው ከልብ አምነው ሊሆን ይችላል። በተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ግን፣ እሱ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ማን ይመልሰው እንደነበር ሳያሰላ አይቀርም።

በቅርቡ አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ ልጄን ሊመለምል ቤታችን መጥቶ ነበር። ቡናችንን ከአቦል እስከ በረካ ጠጣ፤ ንግግሩ ለስላሳ፣ ትሕትናው የሚያስደስት ነው። ባለቤቴ ወደደችው። እኔ ግን ቡና ላይ የሚቆጣ እንግዳ አይቼ ስለማላውቅ፣ መልስ ከመስጠታችን በፊት ቡድኑ ይሸነፋል ተብሎ ወደሚገመትበት ጨዋታ ሄጄ፣ ከተጫዋቾቹ ወንበር ጀርባ ለመቀመጥ ትኬት ቆርጫለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ፣ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ