«ነጻ» ስለተባለ በጀት የተነፈገው ሥራ፦ ለምርምር ገንዘብ መዳቢው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ለክፍት የምርምር ሶፍትዌሮች ጥገና የሒሳብ መደብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። መተዳደሪያዬ የስታቲስቲክስ ትንተና ነው። ተመራማሪዎች መረጃ ሰብስበው ሲመጡ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አፍታታለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶችም በእጄ አልፈዋል። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ የሒሳብ መደብ ነው። መደቡ ገና ስለሌለ ነው የምጽፈው።

የፕሮፖዛል ቅጻችሁ ለመስክ ጉዞ ቦታ አለው። ለላቦራቶሪ ዕቃም አለው። «የሶፍትዌር ግዢ» የሚል መስመርም አለ። እዚያ ላይ የሚሸጡትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች፣ የኤስፒኤስኤስ ወይም የስታታ ላይሰንስ ብሞላ ማንም ምነው አይለኝም። ሻጭ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ኦዲተሩም ደስ ብሎት ያልፋል። አር ወይም ፓይተን (ለትንተና የሚያገለግሉ፣ ያለ ክፍያ የሚገኙ የኮምፒውተር ቋንቋዎች) ብዬ ብሞላስ? «እነሱ ነጻ አይደሉም እንዴ?» ይባልና መስመሩ ዜሮ ሆኖ ይመለሳል። በነገራችን ላይ በሚሸጡት ሶፍትዌሮች ላይ ቂም የለኝም፤ ለሚመቸው ይመቸው። የእኔ ጥያቄ ዜሮ ስለሚጻፍባቸው ነው። ብዙ ትንተና አሁን የሚሠራው በእነሱ ነውና።

ነገሩ ወዲህ ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች ከሰማይ አልወረዱም። አርን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጀመሩት በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው። መነሻቸው ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የተወለደው ኤስ የተባለው ቋንቋ ነበር። በ1995 ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲቀይረውና እንዲያከፋፍለው ለቀቁት። 1.0.0 የሚል ቁጥር የተሰጠው ስሪት እስኪወጣ ግን እ.ኤ.አ. 2000 ደረሰ። ዛሬ ክራን በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ከ20,000 በላይ ፓኬጆች፣ ማለትም በአር ላይ የሚጨመሩ ለተወሰነ ሥራ የተዘጋጁ የኮድ ጥቅሎች፣ ተቀምጠዋል። የወረርሽኝ ስርጭት የሚገምት አለ። የሕሙማንን ሁኔታ በጊዜ ሂደት የሚከታተል አለ። የአፈር ካርታ የሚሠራም አለ። ከእያንዳንዱ ፓኬጅ ጀርባ ስሙና ኢሜይሉ የተመዘገበ ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ።

በፓይተን በኩልም ታሪኩ ያው ነው። ነምፓይ የተባለውን የቁጥር ስሌት ፓኬጅ ትራቪስ ኦሊፋንት ያቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲያስተምር ነው። 1.0 የተባለው ስሪት በ2006 ወጣ። በ2019 ዓለም ያየውን የመጀመሪያውን የጥቁር ጉድጓድ ምስል ያስታውሳሉ? ያ ምስል የተሠራበት ኮድ ነምፓይን፣ ሳይፓይንና ማትፕሎትሊብን የመሳሰሉ የፓይተን ፓኬጆችን ተደግፎ የቆመ ነበር። ነምፓይ ግን ለራሱ ልማት ተብሎ ትልቅ የድጋፍ ገንዘብ ያገኘው በ2017 ነው፤ ከሙር እና ከስሎን ፋውንዴሽኖች። እስከዚያ ድረስ ሥራው የተገፋው በአብዛኛው በትርፍ ሰዓትና በበጎ ፈቃድ ነበር። ግማሽ የሳይንስ ዓለም የሚረግጠው ወለል በሰዎች የቅዳሜና የእሑድ ጊዜ ሲጠገን ኖረ ማለት ነው።

«ታዲያ አንዴ ከተሠራ ምን ጥገና ያስፈልገዋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከስብሰባ አዳራሽ እስከ ኮሪደር ተጠይቄዋለሁ። መልሱን በአንድ ትንሽ ነገር ላሳይዎ።

አንድ ባለሙያ አጠገብዎ ካለ አርን ይክፈትልዎ። የዕጣ መነሻ ቁጥሩን 123 ያድርገውና ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች በዕጣ ደርድርልኝ ይበለው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ስሪት ከ3.6.0 በፊት የነበረ ከሆነ 3፣ 8፣ 4፣ 7 እያለ ይቀጥላል። ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ ደግሞ 3፣ 10፣ 2፣ 8 ይላል። ትዕዛዙ ያው ነው፣ መነሻ ቁጥሩም ያው ነው፤ መልሱ ግን ሌላ።

ብልሽት አይደለም። እንዲያውም ማረሚያ ነው። የድሮው ዘዴ በዜሮና በአንድ መካከል ያለ ቁጥር ያወጣል፣ በዝርዝሩ ርዝመት ያባዛዋል፣ ከዚያ ወደ ታች ያጠጋጋዋል። ኮምፒውተር በዚህ መንገድ የሚያወጣቸው ቁጥሮች ግን ማለቂያ የሌላቸው አይደሉም። ስለዚህ ዝርዝሩ በጣም ሲረዝም ለአንዳንዱ ስም ከሌላው የበለጠ ዕድል ይደርሰዋል። ለአሥር ቁጥር ልዩነቱ ምንም አይደለም። ከብዙ ሚሊዮን ሰው ናሙና ለሚያወጣ ሰው ግን ጉዳይ ነው። ይህን ያዩት ኮዱን ከውጭ ሆነው ያነበቡ የስታቲስቲክስ ሰዎች ናቸው። በ2019 ዘዴው ተቀየረ። የአር ሰዎች በዚህም አላበቁም። የድሮ ጥናቱን ውጤት መልሶ ማግኘት ለሚፈልግ ሰው ወደ ቀድሞው ዘዴ መመለሻ ትዕዛዝ ተዉለት። ለእኔ ጥገና ማለት ይሄ ነው። ስህተቱን ማረም ብቻ ሳይሆን፣ ማረሚያው የትናንቱን ሥራ ፉርሽ እንዳያደርግ ማሰብ። ይህን የሚያስብ ሰው ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ጊዜ ደግሞ ደመወዝ ነው።

ሰው ሲደክመው ወይም ጊዜው ሲደርስስ? በአር የካርታና የቦታ መረጃ ለሚተነትኑ ሁሉ አርጂዳል፣ አርጂኦስ እና ማፕቱልስ የሚባሉ ፓኬጆች ለዓመታት የጀርባ አጥንት ነበሩ። የሚንከባከቧቸው ኖርዌይ የሚኖሩት ሮጀር ቢቫንድ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ፓኬጆቹም አብረው ጡረታ ወጡ፤ በኦክቶበር 2023 ከክራን ተነሡ። ደግነቱ ሰውየው ቀደም ብለው አሳውቀው ነበር። ኤስኤፍ እና ቴራ የሚባሉ ተተኪዎችም ቆመው ነበር። አርን የሚደግፉ ድርጅቶች ኅብረት የሆነው የአር ኮንሰርቲየምም ለሽግግሩ ሥራ ድጋፍ ሰጠ። ስለዚህ ነገሩ በሥርዓት አለፈ። በእነዚህ ፓኬጆች የተደገፉ ሌሎች ፓኬጆች ባለቤቶች ግን ኮዳቸውን እየከፈቱ አንድ በአንድ ማስተካከል ነበረባቸው። እንዲህ በጥንቃቄ የሚሰናበት ሰው ያልገጠማቸው ፓኬጆች ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ክራን ፍተሻ ያደርጋል፣ ስህተት ያገኛል፣ ለባለቤቱ ይጽፋል፣ መልስ የለም። ፓኬጁ ወደ ማኅደር ይገባል። ጠዋት ትንተና ሊጀምር የተቀመጠው ተማሪ «ፓኬጁ አልተገኘም» ይባላል። አቤት የሚልበትም የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን መከራከሪያ ልዝለለው አልችልም። «ክፍት ሶፍትዌር ዋስትና የለውም፤ ስህተት ቢገኝ ማን ይጠየቃል?» ይባላል። እውነት ነው፣ አር ገና ሲከፈት ምንም ዓይነት ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። የሚሸጡትም ቢሆኑ የውላቸውን ረጅም ጽሑፍ እስከ ታች ላነበበ ሰው ብዙ የተለየ ነገር አይሉም። መክፈል በራሱ አቤቱታ ሰሚ አያስገኝም። ኤክሴል የጂን ስሞችን ወደ ቀን ሲቀይር ስንት ዓመት ኖረ! ማርች 1 የተባለ ጂን ሲጻፍበት የማርች ወር የመጀመሪያ ቀን ያደርገዋል። በ2020 የሰውን ጂኖች ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ሲሰለቸው የጂኖቹን ስም ቀየረ። ሶፍትዌሩን መቀየር ስላልቻሉ ጂኑን ቀየሩ። ኤክሴል ራሱ ይህን ልማዱን ማጥፊያ አማራጭ ያመጣው በ2023 ነው።

ግን ክፍት በመሆን ብቻ የሚድን የለም፤ ይህን ደግሞ የእኛ ሰዎች በቀላሉ አይናገሩትም። የአንጎል ምስል ለመተንተን የሚያገለግል አፍኒ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በውስጡ ያለ አንድ መሣሪያ ላይ ለ15 ዓመት የቆየ ስህተት ተገኝቶ በ2015 ታርሟል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ኮዱ ተዘርግቶ ነበር። የፈለገ ያየው ነበር። የፈለገ ግን አልነበረም። በመጨረሻ የተገኘው ተመራማሪዎች ሦስት ሶፍትዌሮችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲፈትሹ ነው። እንዲህ ያለ ፍተሻ አድካሚ ሥራ ነው፣ ለማንም ዕድገት አያስገኝም፣ አዲስ ግኝት ተብሎም አይጨበጨብለትም። በሩ ክፍት ስለሆነ ብቻ ገብቶ የሚፈትሽ አይገኝም። ለዚህ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት።

የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። በኖቬምበር 2021 የዩኔስኮ አባል አገራት ስለ ክፍት ሳይንስ ያጸደቁት የውሳኔ ሐሳብ ክፍት ሶፍትዌርንና ኮድን የክፍት ሳይንስ አካል አድርጎ ይቆጥራል። ጀርመን በ2022 ለክፍት ዲጂታል መሠረተ ልማት ጥገና የሚውል የመንግሥት ፈንድ አቋቁማለች። መንግሥት ሆኖ ለጥገና መክፈል እንደሚቻል በተግባር ታይቷል።

ስለዚህ ቅጹ ላይ «የክፍት ሶፍትዌር ጥገና» የሚል መደብ ይከፈት። ፕሮጀክቱ የተደገፈባቸውን ፓኬጆች ተመራማሪው ይዘርዝር፤ ከበጀቱ ትንሽ ድርሻ ለእነሱ እንዲያወጣ ይፈቀድለት። ገንዘቡን ለማን እንስጥ ለሚለው መልስ አለ። ነምፎከስ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከ2012 ጀምሮ ለእነ ነምፓይና ፓንዳስ (ሌላው የፓይተን ፓኬጅ) እንዲህ ያለ ገንዘብ እየተቀበለ ያስተዳድራል። አርም የራሱ ፋውንዴሽን አለው። ሁለቱም ለገቢው ማስረጃ ይሰጣሉ፤ ኦዲተራችሁ አይጨነቅ።

ከዚህ የበለጠ የምመኘው ግን የሰው ጊዜ እንዲፈቀድ ነው። ገንዘብ ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ እዚሁ ያለ አንድ ባለሙያ ከሥራ ሰዓቱ በሳምንት አንድ ቀን ፓኬጅ እንዲጠግን ቢፈቀድለት ጥቅሙ ሁለት ነው። ፓኬጁ ይጠገናል። መሥሪያ ቤቱም የሚጠቀምበትን ነገር ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ያፈራል። አሁን ያለው አሠራር እንዲህ ያለውን ሰው ይቀጣል። ሺዎች የሚጠቀሙበትን ፓኬጅ የሠራ ሰው ለዕድገት ሲቀርብ «ጽሑፍህ የታል?» ይባላል። ኮዱን አቅርቦ ሲያሳይ «እሱ እንኳ ሥራ አይደለም» ይባላል። ይህን መመሪያ ማስተካከል ምንም በጀት አይጠይቅም። የእርስዎ ፊርማ ይበቃዋል።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምር። የመጨረሻ ሪፖርት ሲቀርብ ኮዱና የስሪቶቹ ዝርዝር አብሮ እንዲገባ ይታዘዝ። አር ላይ ሴሽን ኢንፎ የሚባል አንድ ትዕዛዝ ሁሉንም ይዘረዝረዋል፤ ደቂቃ አይፈጅም። «ትንተናው በአር ተሠራ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለ ግን ከላይ ያሳየሁዎት 3፣ 8፣ 4 ይሁን 3፣ 10፣ 2 የሚነግረን የለም።

የሚቀጥለው የፕሮፖዛል ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ቅጹን የሚያዘጋጀው ክፍል ይህን እንዲመለከተው ቢመሩልኝ እጠይቃለሁ። የመደቡን ረቂቅ ማብራሪያ፣ ወጪው በምን እንደሚረጋገጥ ጨምሬ፣ ጽፌ ማቅረብ እችላለሁ። ከፋይናንስ ክፍላችሁ ጋር ተቀምጬ ለመነጋገርም ዝግጁ ነኝ። ጥያቄው የማይቻል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እለምናለሁ። ያኔ እንቅፋቱ ሕጉ ይሁን መመሪያው ወይም ልማዱ፣ ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለብን እናውቃለን።

ከሠላምታ ጋር፣
አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ