የመሪ ዘይት መሙላት ጥገና አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከብቸና ደጀን በአሮጌ ፒክአፕ ጤፍ አመላልሳለሁ። በእኛ አካባቢ የመሪ ዘይት ሲያፈስ ከየጋራዡ የሚሰጠው መልስ «ሙላበትና ንዳ» ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ዘይቱ ሲያልቅ ዘይቱን እየገፋ መሪውን የሚያቀልለው ፓምፕ በደረቁ ይበላል፤ መሪውም ይከብዳል። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የነዳ ሰው አደጋው አይጠፋውም።

መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ፓምፑና ቱቦዎቹ ይጽዱ። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ረዳቱ መሪውን ግራ ቀኝ ሲያዞር ፍሳሹ ከየት እንደሚጀምር ይታያል። የሚንጠባጠብበት ቦታ ያታልላል፤ ዘይቱ ከላይ ወርዶ ሊሆን ይችላልና። በእጅ ግን ፈጽሞ አይዳሰስ! ግፊቱ ቆዳ ይበሳል፤ ካርቶን ማስጠጋት ይበቃል።

የሚያፈሰው የመመለሻው ቱቦ (ዘይቱን ከመሪው ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሰው) ከሆነ ማሰሪያውን ወይም ቱቦውን መቀየር ቀላል ነው። የግፊቱን ቱቦ (ዘይቱን ከፓምፑ ወደ መሪው በኃይል የሚወስደውን) በጎማ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር ግን፣ እባካችሁ፣ ይቅር። በመሪ ዘይት ፋንታ የፍሬን ዘይት መጨመርም እንዲሁ፤ ዘይት የሚይዙትን ጎማዎች ያበላሻል።

ባለጋራዦች፣ የፈታችሁትን ቱቦ ለባለመኪናው አሳዩት። ለቦሎ ምርመራ የምትቀመጡ ባለሙያዎችም መብራትና ጥሩንባ ብቻ አትዩ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከመሪው ሥር ተመልከቱ።

አንድ የጭነት ሾፌር፣ ከብቸና