ሰኞ ለምን ረዘመች? የግራፍና ጽሑፍ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

በምዝገባው ቀን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበና «ቲቸር፣ ይሄ ክበብ የሒሳብ ነው የአማርኛ?» አለኝ። የሁለቱም ነው አልኩት። «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብሎ ወደ ድራማ ክበብ ሄደ። አልፈረድኩበትም።

እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ክበቡን የጀመርነው ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ሲሆን መነሻውም የሻይ ሰዓት ጭቅጭቅ ነበር። እሱ «ግራፍ መሳሉን ይስላሉ፣ ምን እንደሳሉ ንገሩኝ ስላቸው ግን ዝም» ይላል። እኔ ደግሞ ስለ እናት ፍቅር ሁለት ገጽ ሳይተነፍስ የሚጽፍ ልጅ፣ አንዲት ባር ግራፍ ፊቱ ሲቀመጥ እስክሪብቶውን ማኘክ እንደሚጀምር በየፈተናው አያለሁ። እንሞክረው ተባባልን። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ ሃያ ምናምን ልጆች። (ደብተሩ ላይ «ባር ባር» የሚል ቃል አይተው የደነገጡ አንድ ወላጅ ነበሩ። ባሩ የግራፍ መሆኑን አስረድተናል።)

የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ሳርም ሁለት በሽታ አገኘሁ። አንደኛው ቆጠራ ነው። ልጁ ግራፉ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል፤ መስከረም ይህን ያህል፣ ጥቅምት ይህን ያህል እያለ እስከ ሰኔ ይወርዳል። ይሄ የሠንጠረዥ ግልባጭ እንጂ አንቀጽ አይደለም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ግራፉን በቅጡ ሳያይ «ምክንያቱም» ብሎ ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ የታገልነው ከዚህች «ምክንያቱም» ጋር ነው ብል አላጋነንኩም።

ለመጀመሪያው በሽታ ያገኘነው መድኃኒት ጨዋታ ነበር። አንዱ ግራፉን አይቶ አንቀጽ ይጽፋል። ሌሎቹ ግራፉን ሳያዩ አንቀጹ ሲነበብላቸው በባለካሬ ወረቀት ላይ ይስላሉ። በመጀመሪያው ቀን የተነበበው «መጀመሪያ ከፍ አለ፣ ከዚያ ዝቅ አለ፣ ከዚያም እንደገና ከፍ አለ» የሚል ነበር። ስድስት ልጆች ስድስት የተለያየ ተራራ ሳሉ። አንዷማ ቁልጭ ያለ የደሴውን ጦሳን ነው የሳለችው፣ አናቱ ላይ ጉም ጨምራ። ጸሐፊው ወረቀቶቹን እያየ «እኔ እንደዚህ አላልኩም!» ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ብለሃል!» አሉት። በሚቀጥለው ረቡዕ ያው ልጅ የጻፈው አንቀጽ ግራፉ ስለ ምን እንደሆነ፣ ከየት እስከ የት ጊዜ እንደሚያሳይና በምን እንደሚለካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ጀመረ። ቀጥሎ ጠቅላላ አካሄዱን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ቁጥር የጠቀሰው። ሌላውን ተወው። ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዝ ዓረፍተ ነገር) ብዬ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር በጦሳ ተራራ ገባው።

ወደ ሰኞ ልምጣ።

በኅዳር የአርፋጆችን መዝገብ ከበር ጥበቃ ተውሰን በቀን በቀን ባር ግራፍ ሠራን። የሰኞዋ ባር ከሁሉም ረዝማ ቁጭ አለች። ማንም ሰው ያያታል። ስለዚህ አንቀጹን ጻፉ አልናቸው፤ «ምክንያቱም» እንደ ጉድ ዘነበ። ሰኞ ተማሪ ይሰንፋል። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ልጆች እቃ ተሸክመው ይመጣሉ። የደሴ ብርድ ሰኞ ይከፋል (ይሄን የጻፈው ልጅ እስካሁን አላመነም፣ ብርድ ቀን አይመርጥም ብለነዋል)። እሁድ ማታ ኳስ ሲያዩ ያመሻሉ። ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም በእርግጠኝነት የተጻፈ ነው። ግራፉ ውስጥ ግን ስለ ገበያም ሆነ ስለ ኳስ አንዲት ነጥብ የለችም።

ዝም ያለች አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ መዝገቡን ልትመልስ በሩ ጋ ስትሄድ ጥበቃውን «ጋሼ፣ ሰኞ ሰው ለምን ይበዛል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሳቁ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ሰኞማ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ረጅም ነው፣ ማስታወቂያው ብዙ ነው። በሩን በ1:45 ዝጋ ይሉኛል። በሌላው ቀን 2 ሰዓት ነው የምዘጋው።» በቃ። ሰኞ የረዘመችው በሩ 15 ደቂቃ ቀድሞ ስለሚዘጋ ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ከሩብ ጉዳይ በኋላ የሚገባው ልጅ ሰዓት አክባሪ ነው፣ ሰኞ ግን አርፋጅ። አንድ ስም፣ ሁለት መለኪያ።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሰነፈም ሊኖር ይችላል፣ ገበያ የሄደም እንዲሁ። ስንቱ በዚህ፣ ስንቱ በዚያ እንደሆነ መዝገቡ አይነግረንም። ከዚያ ቀን ወዲህ በክበባችን ቋንቋ አንቀጽ ሁለት ፎቅ አለው። ምድር ቤቱ ግራፉ ራሱ የሚለው ነው። ፎቁ እኛ የምንገምተው ሲሆን ደረጃውን የምንወጣው «ሳይሆን አይቀርም»፣ «አንዱ ምክንያት ሊሆን የሚችለው» እያልን ነው። ደረጃው ላይ የሚቆም ሰውም ማን ነገረህ ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል።

የዓመቱ ምርጥ ሥራ ግን የእንቁላል ደብተር ነው። የአንዷ አባላችን እናት እንቁላልና ቅቤ ይሸጣሉ፣ የዕለት ሽያጫቸውንም በደብተር ይመዘግባሉ። ልጅቷ የ2017ን እንቁላል ከመስከረም እስከ ጳጉሜ በአሥራ ሦስት ባር ሠርታ አመጣች። የመጨረሻዋ ባር ከወለሉ እምብዛም አልተነሳችም። አንቀጹም «በጳጉሜ ገበያው ክፉኛ ወደቀ» ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነበር፤ አሃዝ አለው፣ ንጽጽር አለው። እኔ ራሴ «ጎበዝ» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ አልዋሽም።

ማታ ለእናቷ ስታነብላቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ጳጉሜማ አምስት ቀን ናት እኮ! የእንቁጣጣሽ ገበያ እኮ ነው፣ እንቁላል የሚጠፋበት!» በማግስቱ ሽያጩን ለቀኑ አካፍላ አዲስ ግራፍ ሠራች። በቀን አማካይ ሲታይ ጳጉሜ አንደኛ ወጣች። ያው ደብተር፣ ያው ቁጥር፣ ድምዳሜው ግን የተገለበጠ። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ የምንላት አገር ግራፍ ስትሠራ ይሄን ወጥመድ በየዓመቱ ይዛ ትመጣለች። «ጎበዝ» ያልኩትን ሰርዤ «ጎበዝ እናትሽ» ብዬ ጻፍኩበት።

በዚያው ግራፍ ላይ በመጋቢት የወረደውን ደግሞ «በጾም ምክንያት» ብላዋለች። ይሄኛው ግምት ደህና ነው፣ ሻጯም ይሉታል። ግን ወሎ ነንና ክርክሩ ወዲያው ተነሳ፤ የየትኛው ጾም? በ2017 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ነበር፣ ሁለቱም በየካቲት። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዐቢይ ጾምም ይዋልላል እንጂ እሱን ተከትሎ አይሸሽም። የአንድ ዓመት ደብተር ይዞ ይሄ የዚህኛው፣ ያ የዚያኛው ነው ማለት አይቻልም። እናትየዋ ደብተሩን ለስንት ዓመት እንደሚይዙ ተጠይቀው «እስክታገቢ» ብለዋታል።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። መቶኛ ላይ ለልምምድ በፈጠርኩት ቁጥር፣ ከ20 በመቶ ወደ 30 በመቶ የሄደን ነገር ሁሉም «በ10 በመቶ አደገ» አሉ። ያደገው በ10 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ግን በ50 በመቶ። ይሄ ሦስት ረቡዕ በላ፣ ዛሬም የገባው ግማሹ ነው። ከ60 የሚጀምር ቋሚ ዘንግ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪው ሸር ነበር። የአንዱን ክፍል አማካይ 62፣ የሌላውን 66 አድርጎ ሳለና ስንት እጥፍ ነው አላቸው። ባሩን በዓይናቸው ለክተው «ሦስት እጥፍ» አሉ፤ የታያቸው ከ60 በላይ ያለው 2 እና 6 ብቻ ነበርና። ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር አለ። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ወደ 73.8 ሚሊዮን ሰው ቆጥሯል፤ ከ1987ቱ ጋር ሲተያይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ጭማሪ ነው። አንዱ ልጅ 1987ን ከእኛ መጽሐፍ፣ 2007ን ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ወስዶ በአንድ አግድም ዘንግ ላይ አሰለፋቸውና አሥራ ሁለቱን ዓመት ሃያ አደረገው። «እድገቱ አዝጋሚ ነው» የሚል አንቀጽም ጽፎለታል።

ታሪክም ነካ ነካ አድርገናል። ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1786 እ.ኤ.አ. ባር ግራፍ የሠራው ወዶ አልነበረም። ለስኮትላንድ ንግድ ያገኘው የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለነበር መስመር ሊያወጣለት አልቻለም። የእንቁላሏ ልጅ ይሄን ስትሰማ ደስ አላት። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ደግሞ በ1858 እ.ኤ.አ.፣ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሦስት ዓመቱ ማለት ነው፣ በክራይሚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች አብዛኞቹን የገደላቸው መከላከል የሚቻል በሽታ እንጂ ቁስል አለመሆኑን በክብ ግራፍ አሳይታለች። ነርስ መሆን የሚፈልጉት ልጆች ግራፏን ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ያልተሳካልንም አለ። በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት አንቀጽ ማንበብ ጀምረን በሦስተኛው ሳምንት ተውነው። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ልጁ ሳምቡሳውን ይዞ ስለ አማካይ ማን ይሰማል። ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍሎቹ ለፈተና ጥናት ቀርተውብናል። ባለካሬ ወረቀቱም አልቆ ግማሹን ግራፍ በተራ ደብተር ላይ በማስመሪያ አስምረን ነው የሠራነው።

ለሚመጣው ዓመት የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ በደብተር ላይ በየቀኑ የሚጻፍ ማንኛውም ነገር። የሱቅ፣ የወፍጮ ቤት፣ የባጃጅ ገቢ፣ የፈለጋችሁት። የባለቤቱን ስም አንጽፍም፣ ደብተሩንም በሳምንቱ እንመልሳለን። የበሩ መዝገብ ግን ከወዲሁ ተለውጦ ጠበቀን። ጥበቃው ሳንጠይቃቸው ገጹ ዳር ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር አውርደው፣ አናቱ ላይ «የተዘጋበት ሰዓት» ብለው ጽፈዋል።