ቀስ ብለሽ አንብቢው

የኔ ማር፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩልሽ ሆን ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ ቴክስት ባደርግልሽ በአንድ ደቂቃ ጨርሰሽ «እሺ እማ» ትይኛለሽ። እኔ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይበቃኝም። እንዳይከብድሽ አጠር አጠር አድርጌ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ አንዳንዱ ጋ ግን የልቤን ስናገር ይረዝምብኛል፣ እሱን ቻይኝ። ያልገባሽ ቃል ካለ በእርሳስ አስምሪበት።

ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት ስንመለስ መኪና ውስጥ ትንፍሽ አላልሽም። የነገርሽኝ ማታ ነው። ተነስተሽ እንድታነቢ ተጠራሽ፣ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርሺ ቆምሽ፣ ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት። «ሁለተኛ አልሄድም» አልሽኝ። እኔም «በቃ ተይው» ብዬ እራት አቀረብኩ። እንደዚያ ያልኩት ነገሩ ሳይገደኝ ቀርቶ አይደለም። ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞብኝ ነው። እሱን ነው የምጽፍልሽ።

አንቺ የተወለድሽው እዚሁ ቴነሲ፣ ናሽቪል ነው፣ በፈረንጆቹ 2012፣ በሐምሌ። ሆስፒታል ሳለን አንዲት ሴት ቅጽ ይዛ መጣች፣ አባትሽ ፈረመ። ምን እንደፈረመ በደንብ አልገባንም ነበር። ከዚያ በየወሩ መጽሐፍ በፖስታ ይመጣ ጀመር። በአባትሽ ስም አይደለም፣ በእኔም አይደለም፣ ባንቺ ስም። እኔ እዚህ አገር ከመብራትና ከስልክ ቢል በቀር በስሜ የሚመጣልኝ ነገር አልነበረም፤ ጥርስ ያላበቀለች ልጄ ግን በስሟ መጽሐፍ ይላክላታል። የመጀመሪያው ዳገት ስለወጣች አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ባቡር ነበር። ጫፉን በድድሽ እያኘክሽ አበላሽተሽዋል፣ አሁንም አስቀምጬዋለሁ።

ያኔ መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አባትሽ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ማታ ስገባ መጽሐፉን ይዘሽ በር ላይ ትጠብቂኛለሽ። «እማ፣ አንብቢልኝ።» እኔ «ዛሬ ደክሞኛል የኔ ቆንጆ» እልሻለሁ።

ደክሞኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አልነበረም። አራት ዓመት ሲሆንሽ የምትውይበት ቦታ ወላጆች መጥተው ለልጆች መጽሐፍ የሚያነቡበት ቀን ነበር። ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተለማምጄ ሄድኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ አያቅተኝም። ልጆቹ ፊት ስቀመጥ ግን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ቃሉን እኔ በማውቀው መንገድ ሳነበው አልገባቸውም፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አስተማሪዋ ፈገግ ብላ፣ በጨዋነት፣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ እሷ ጨረሰችው። አንቺ ፊት። ከዚያ ቀን በኋላ ሥዕሉን እያየሁ በአማርኛ የራሴን ታሪክ እፈጥርልሽ ጀመር። ጥቂት ቆይተሽ ነቃሽብኝ። «ትናንት እንደዚህ አይደለም ያልሽው» አልሽኝ፣ እኔም መጽሐፉን ዘግቼ መብራት አጠፋሁ።

2017 ላይ አምስት ዓመት ሞላሽና መጽሐፉ ቆመ። ደንቡ እንደዚያ ነው፣ አምስተኛ ልደት ድረስ ብቻ ነው የሚልኩት፤ የመጨረሻው ትምህርት ቤት ስለምትገባ ልጅ ነበር። መደርደሪያሽ ላይ ወደ ስድሳ የሚጠጋ መጽሐፍ ተደርድሯል። ስንቱን እንዳነበብኩልሽ በጣቶቼ መቁጠር እችል ነበር።

በዚያው ሐምሌ አባባ ተስፋዬ አረፉ። ስልኬን ይዤ ሳለቅስ «ማናቸው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንዴት እንደማስረዳሽ ጠፋኝ። ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩ ሰው ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረ ምንጣፉ ላይ ተደርድረን፣ የቀረነው ደግሞ በመስኮት አንጋጠን እናያቸው ነበር። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉን እኛ ቆመን እጅ እየነሳን እንመልስላቸዋለን። ቴሌቪዥኑ እንደማይሰማን እናውቃለን፣ ግን እንመልሳለን። ለልጅ እንደ ሰው ቆጥሮ የሚያወራ ትልቅ ሰው ማለት ለእኔ እሳቸው ናቸው፣ አንቺ ግን የምታውቂው እንደዚያ ያለ ሰው የለሽም ብዬ ከፋኝ።

ያንን የዘፋኟን የዶሊ ፓርተንን ሲዲ የሰጡን እነዚያ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት አሮጊት ናቸው። ታስታውሻቸዋለሽ አይደል፣ ገና ሲደርስ ብስኩት የሚልኩልሽ። የተወለዱት በምሥራቅ ቴነሲ ተራሮች ነው፣ ስለ ዶሊ ፓርተን ሲያወሩ ስለ ጎረቤት ልጅ የሚያወሩ ይመስላሉ። ጥቅምት 2017 ነው፣ አልበሙ ገና መውጣቱ ነበር። ዶሊ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስትዘፍን ኖራ ለልጆች ብላ የሠራችው የመጀመሪያ አልበም ነው። «ለልጅሽ ነው፣ ገንዘቡም ለመጽሐፉ ነው የሚውለው» አሉኝ። የትኛው መጽሐፍ? አልኳቸው። ተገርመው አዩኝ። በየወሩ በፖስታ ይመጣልሽ የነበረውን መጽሐፍ የጀመረችው እሷ መሆኗን ያወቅኩት ያን ቀን፣ ፎጣ እያጠፍን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ቤቴ ስትገባ ስትወጣ የኖረችውን ሰው አላውቃትም ነበር።

ፎጣውን አጥፈን እስክንጨርስ ታሪኩን ነገሩኝ። እኔም በኋላ ራሴ አንብቤ አረጋገጥኩ።

ዶሊ የተወለደችው በ1946፣ ሰቪር ካውንቲ ውስጥ ነው፣ አንድ ክፍል ብቻ ባላት የእንጨት ቤት። ለአሥራ ሁለት ልጆች አራተኛ ናት። ያዋለዳትን ሐኪም አባቷ የከፈሉት ገንዘብ ስላልነበራቸው በአንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነው። (ይህን ስሰማ ገጠር ያለችው የእናቴ አክስት ትዝ አለችኝ፤ እሷም ላዋለደቻት ሴት አንድ ቁና ጤፍ ሰጥታ ነበር።) አባቷ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ጎበዝ ገበሬ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ፣ ግን ፊደል አልቆጠሩም። ዶሊ እንደምትለው ያፍሩበት ነበር። አንዴ ካደጉ በኋላ መማር የሚቻል አይመስላቸውም ነበር።

በ1995 መጽሐፍ የመላኩን ሥራ የጀመረችው በእሳቸው ምክንያት ነው፣ በመጀመሪያ ለተወለደችበት ወረዳ ልጆች ብቻ። ከ2004 ጀምሮ የቴነሲ መንግሥትም ወጪውን እየተጋራ በክፍለ ግዛቱ 95ቱም ካውንቲዎች ተዳረሰ፣ ለዚያ ነው ለአንቺም የደረሰሽ። ከዚያ ካናዳ ገባ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ አየርላንድ። በ2018 መቶ ሚሊዮንኛውን መጽሐፍ ዋሽንግተን ለሚገኘው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች፣ ዛሬ ደግሞ ከ200 ሚሊዮን አልፏል። አባቷ ያረፉት በ2000 ነው፣ ጅምሩን ግን አይተዋል። ልጆች እሷን ሲያዩ «ባለመጽሐፏ ሴትዮ» እያሉ ሲጠሯት ከዝናዋ ሁሉ ይልቅ በዚህ ይኮሩ ነበር ትላለች። ማንበብ የማይችል አባት በልጁ መጽሐፍ ሲኮራ። እኔ እዚህ ጋ ፎጣውን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ሲዲውን መኪና ውስጥ ከተትነው። አሥራ ሦስት ዘፈን አለው፣ ሁሉንም የጻፈችው እሷ ናት። ሁሉንም እኩል ወድጄዋለሁ አልልሽም። አንዳንዱ ምክር ይበዛበታል፣ ትልቅ ሰው ልጅ አስቀምጦ እንደሚመክረው። አንቺ የወደድሽው በሰው ላይ መሳቅ አያስቅም የምትልበትን ነው፣ ከኋላ ወንበር ሆነሽ በእግርሽ ወንበሬን እየመታሽ ትዘፍኚው ነበር። ካንሰር ታመው ኬሞ ለሚወስዱ ልጆች የዘፈነችውንም ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ አንዲት የእህቷ ልጅ በሕፃንነቷ ሉኪሚያ ታማ ስለነበር ነው ነገሩን የምታውቀው። ስለ ሕመም እንዲህ ደፍሮ ለልጅ የሚዘፍን ሰው ከዚያ በፊት አልሰማሁም። የእኛ እሹሩሩ ያባብላል፣ ያስተኛል፣ እናትየዋን ቶሎ ነይ ወተት ይዘሽ ነይ እያለ ይጠራል። እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ ያንኑ በስልክ ስዘፍንልሽ፣ እየተጠራሁ ያለሁት እኔው ነኝ።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ ካፖርቷ የዘፈነችው ነው። በ1969 አውቶቡስ ውስጥ ሆና ወረቀት ስላጣች በልብስ ማጠቢያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችው፣ በ1971 ወጣ፣ ለልጆች አልበሙ ደግሞ እንደገና ዘፈነችው። ልጅ ሳለች ክረምት ሲመጣ ካፖርት አልነበራትም። እናቷ ሰው የሰጣቸውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ሰፉላት። ሲሰፉም የዮሴፍን ታሪክ እየነገሯት ነው፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «በብዙ ኅብር ያጌጠች ቀሚስ» የሚለውን። ካፖርቷን ለብሳ በደስታ ትምህርት ቤት ሄደች። ልጆቹ ሳቁባት። በጨርቁ ሳቁ፣ እናቷ የነገሯትን አልሰሙማ። ብታስረዳቸውም አልገባቸውም።

የአልበሙ መጨረሻ ላይ ዘፈን አይደለም ያለው፣ ንባብ ነው። ዶሊ ስለዚያ ካፖርት የጻፈችውን የልጆች መጽሐፍ ራሷ ታነበዋለች። መጽሐፉን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዋስኩት። መጀመሪያ ብቻዬን ነበር። አንቺ ከተኛሽ በኋላ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ከላይ ያለችውን ትንሿን መብራት አብርቼ፣ እሷ ስታነብ በጣቴ እከተላታለሁ። ያመለጠኝን ወደኋላ መልሼ እሰማለሁ። እንደገና። አትቸኩልም፣ አትስቅም፣ መጽሐፉንም ከእጄ አትወስድብኝም። ጎረቤታችን አንድ ቀን ደህና መሆኔን ለማየት መስኮቱን አንኳክቷል።

ሳምንት ያህል እንደዚያ ካደረግኩ በኋላ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብዬ «ዛሬ እኔ ነኝ የማነብልሽ» አልኩሽ። አነበብኩልሽ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። አንድ ቃል ላይ ቆምኩ፣ አንቺ ምንም ሳትዪ ጠበቅሽኝ። ስጨርስ «ድገሚልኝ» አልሽ። ከዚያ በኋላ መደርደሪያው ላይ የተረሱትን አንድ በአንድ አወረድናቸው፤ አንቺ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መጽሐፍ ያለፍሽ ብትሆኚም ዝም ብለሽ አዳመጥሽኝ። ያን ጊዜ አውቀሽ ይሁን ሳታውቂ አልጠየቅኩሽም። ዛሬም አልጠይቅሽም። አመሰግንሻለሁ ብቻ።

ሌላም አለ። አያትሽ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ እኔን አዝላ። ማታ ማታ በፋኖስ ነበር የሚማሩት። ባሏ የሞተባት ሽማግሌ ሴት፣ ጎልማሳ ገበሬ፣ የጠላ ነጋዴ፣ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ሆነው «ሀ ሁ» ይላሉ። አንድ ሰው ሲሳሳት አስተማሪው፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ልጅ፣ የሳተውን ሰው ትቶ መላው ክፍል አብሮ እንዲደግም ያደርግ ነበር አለችኝ። የተሳሳተው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። አያትሽ ዛሬም የእኔን ደብዳቤ ስታነብ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው። በስልክ ልደውልላት እችላለሁ፣ እሷ ግን ደብዳቤ ትፈልጋለች። ሰባ ዓመት አልፏት ከአንቺ በእጅሽ የተጻፈ አንድ ገጽ እየጠበቀች ነው። አላስጨንቅሽም፣ ግን እወቂው።

ቅዳሜ የሳቁትን ልጆች እናታቸው ጋ ደውዬ ልናገር ብዬ ነበር፣ አባትሽ ተይ አለኝ። ልክ ነው፣ ያንቺ ጉዳይ ነው። መሄድና አለመሄዱንም ላንቺ ትቼዋለሁ፣ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነው።

እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ትናንት ማታ የአማርኛ መጽሐፍሽን ከቦርሳሽ አወጣሁ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅሽ። መኪና ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ያን ምንባብ በስልኬ ቀዳሁልሽ። ወደ ስልክሽ ልኬዋለሁ። ገጹ ሲገለበጥ ድምፁ ይሰማሻል። በጣትሽ ተከተዪው፣ ያመለጠሽን ወደኋላ መልሺው፣ የፈለግሽውን ያህል ጊዜ። «ፀሐይ» የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ ቆሜያለሁ፣ እስክትደርሺብኝ።

እናትሽ